ሞድ ወይስ ዲኤልሲ? የጌም ጭማሪዎች ጥያቄ ከጓሳ ሣር አንፃር

ፕሌይስቴሽን 2 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ማምረቱ የቆመው ደግሞ በ2013 መጀመሪያ ገደማ ነበር። ለዚህ ማሽን የወጣው የመጨረሻው የኮናሚ እግር ኳስ ጌም ፔስ 2014 ሲሆን፣ የኢኤ ደግሞ ፊፋ 14 ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደ አዳዲሶቹ ማሽኖች አዞሩ። ታዲያ በትንንሽ ከተሞቻችን ጌም ቤቶች፣ በዚያው አሮጌ ማሽን ላይ፣ ከዓመታት በኋላ የፈረመ ተጫዋች አዲስ ማሊያ ለብሶ ሲሮጥ የምናየው እንዴት ሆኖ ነው?

መልሱ አጭር ነው፤ ሞድ። አንድ የማናውቀው ሰው፣ ምናልባት ብራዚል ወይም ኢንዶኔዥያ ወይም ግብፅ ቁጭ ብሎ፣ የጌሙን ፋይሎች ከፍቶ ስሞቹን፣ ማሊያዎቹንና የተጫዋቾቹን ብቃት ቀይሮ በነፃ ለቆታል። እኛ አገር ሲደርስ በሲዲ ተገልብጦ ወይም በፍላሽ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማ ለመድረስ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ የአንድ ተሳፋሪ ኪስ ይበቃዋል።

በሌላ በኩል ኩባንያዎቹ ራሳቸው የሚሸጡት ጭማሪ አለ። ዲኤልሲ ይባላል። አዲስ ካርታ፣ አዲስ መኪና፣ አዲስ ልብስ ሊሆን ይችላል፤ ከዋናው ጌም ዋጋ በላይ ተጨማሪ ይከፈልበታል። «ሞዱ ይሻላል ወይስ ዲኤልሲው?» የሚለው ክርክር ብዙውን ጊዜ በዋጋ ይጀምርና በዋጋ ያልቃል። ነፃው ጥሩ፣ የሚከፈልበት ብዝበዛ። እኔ ግን ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው ከዋጋው በታች ያለውን ማየት እፈልጋለሁ።

ሞድ እንዴት ይሠራል?

አንድ ጌም በግምት ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሞተሩ ነው፤ ምስል የሚስለው፣ ፊዚክሱን የሚያሰላው፣ የጆይስቲኩን ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም። ሁለተኛው ዳታው ነው፤ ሥዕሎች፣ ድምፆች፣ ካርታዎች፣ የቁጥር ሰንጠረዦች። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዱም የተባለው ጌም ታሪክ የሠራበት አንዱ ነገር ይህንን ክፍፍል ግልጽ ማድረጉ ነው። ሠሪው ኢድ ሶፍትዌር ካርታውንና ሥዕሉን ዋድ በሚባል ፋይል ለብቻው አስቀመጠው። ተጫዋቹ ሞተሩን ሳይነካ የራሱን ዋድ መጨመር ይችል ነበር። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ ነው።

ዛሬም መርሁ ያው ነው። ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2ን እንውሰድ። መቀመጫው ፕራግ የሆነው ኤስሲኤስ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የከባድ መኪና ጌም ነው። ሞድ ለማስገባት የተዘጋጀ አንድ ፎልደር አለው። ጌሙ ሲነሳ መጀመሪያ የራሱን ፋይሎች ያነባል፤ ቀጥሎ ከዚያ ፎልደር ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ካገኘ የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል። የሞተሩ ጉልበት፣ የማርሹ ጥምርታ፣ የመኪናው ክብደት በጽሑፍ ፋይል ውስጥ የተቀመጡ ቁጥሮች ናቸው። ማንበብ የሚችል ሰው መቀየር ይችላል።

ጌሙ ግን ዳታውን ከሰርቨር ጋር እያመሳከረ የሚሠራ ከሆነ በሩ ይዘጋል። ፋይሉ ላይ አንዲት ፊደል ብትቀየር የማረጋገጫ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ሰርቨሩም «አላውቅህም» ይላል። በኦንላይን ውድድር ላይ ይህ ተገቢ ነው፤ አጭበርባሪን ይከላከላል። ችግሩ የሚመጣው ብቻውን ለሚጫወት ሰውም ያው ቁልፍ ሲደረግበት ነው።

«ሰሜን ለንደን» የተባለው አርሰናል

የፔስን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ያስታውሳል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፈቃድ በኢኤ እጅ ስለነበረ፣ በብዙ የፔስ እትሞች ላይ አርሰናል «ሰሜን ለንደን»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ»፣ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ይባሉ ነበር። ማሊያቸው የፈጠራ፣ ዓርማቸው የፈጠራ። ኮናሚ ግን ጌሙ ውስጥ የማስተካከያ ገጽ አስቀመጠ። ስሙን፣ ቀለሙን፣ ዓርማውን ተጫዋቹ ራሱ ያስተካክላል፤ የሠራውንም ኦፕሽን ፋይል በሚባል ነገር ለሌላው ያካፍላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንመልከተው። ኩባንያው ሊሸጠው የማይችለውን ነገር ተጫዋቹ በነፃ ሠራው። አርሰናልን አርሰናል ያደረገው ሞደሩ ነው። የፔስን ዕድሜም ያረዘመው እሱ ነው። ፔስን በየመንደሩ የሠራው ኮናሚ ብቻ አይደለም ብል ማጋነን አይመስለኝም። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ጌሙን በነፃ ወደሚወርድ፣ በሰርቨር ላይ ወደሚመሠረት ኢፉትቦል ሲቀይረው ያ የማስተካከያ ገጽ አብሮ አልመጣም። ዋጋው ዜሮ ሆነ፣ ነፃነቱ ግን ቀነሰ። «ነፃ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ትርጉም እንዳለው እዚህ ጋ ልብ ይሏል፤ የማይከፈልበት እና ያልታሰረ። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ከፈረስ ጥሩር እስከ 25 በመቶ

የሚከፈልበት ጭማሪ መጥፎ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2006 ነው። ቤቴስዳ ኦብሊቪየን ለተባለው ጌሙ የፈረስ ጥሩር በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሸጠ። ጥሩሩ ለታሪኩ የጨመረው ነገር የለም፤ በዋናነት ፈረሱን ያሳምራል። ዓለም ሳቀበት፣ ግን ተሸጠ። ኩባንያዎቹም ትምህርት ወሰዱ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 2015፣ ቫልቭና ቤቴስዳ ሌላ ነገር ሞከሩ። በስካይሪም ጌም ላይ ሞደሮች ሥራቸውን በስቲም በኩል እንዲሸጡ ፈቀዱ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። አንድ ሰው ስድስት ወር ለፍቶ የሠራውን ሊሸጥ ቢፈልግ ምን ይላል? ክፍፍሉ ግን እንዲህ ነበር፦ 45 በመቶ ለቤቴስዳ፣ 30 በመቶ ለቫልቭ፣ 25 በመቶ ለሠሪው። ሞዱ 4 ዶላር ቢሸጥ ለሠሪው የሚደርሰው 1 ዶላር ነው። ተቃውሞው ከባድ ስለነበር በአራተኛው ቀን ተሰረዘ፣ ለገዢዎችም ገንዘባቸው ተመለሰ።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ክፍፍሉን ነው። ለእኔ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ግን ሌላ ነው። ለሽያጭ ከቀረቡት መካከል አንድ የዓሣ ማጥመድ ሞድ ነበር። ይህ ሞድ የሚንቀሳቀሰው ሌላ ሰው በነፃ ባወጣው የእንቅስቃሴ ሥራ ላይ ተመሥርቶ ነበር። ያኛው ሰው ቅሬታ አቀረበ፤ ሞዱም ከሽያጭ ወጣ። ለምን? ሞዶች ለየብቻ የቆሙ ዕቃዎች ስላልሆኑ ነው። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ይቆማል። ሁሉም ነፃ በነበረበት ጊዜ «ከአንተ ወስጄ፣ አንተም ከኔ ውሰድ» ይሠራ ነበር። አንዱ ዋጋ ሲለጥፍ ግን ከሥር ያለው ሁሉ «የኔስ ድርሻ?» ይላል። ጥያቄውም ትክክል ነው።

ዲኤልሲን ስለመከላከል

እስካሁን ያልኩት ወደ አንድ ወገን ያደላ እንዳይመስል የዲኤልሲን ጥሩ ጎን እንይ። የኤስሲኤስ የካርታ ጭማሪዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። አዲስ አገር ሲጨምሩ መንገዱ፣ ምልክቱ፣ ሕንፃው፣ መልክዓ ምድሩ በደመወዝተኛ ባለሙያ ይሠራል፣ ይሞከራል፣ ጌሙ በታደሰ ቁጥር አብሮ ይታደሳል። በዚህ ገቢ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጌም ከአሥር ዓመት በላይ ሲታደስ ቆይቷል። ከጎኑ ደግሞ ፕሮሞድስ የሚባል፣ በበጎ ፈቃደኞች የተሠራ ግዙፍ ነፃ ካርታ አለ። ኤስሲኤስ አላሳደደውም። ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ። ስለዚህ ዲኤልሲ በባሕርዩ የሞድ ጠላት አይደለም። ጠላት የሚሆነው ለመሸጥ ሲባል በር ሲዘጋ ነው።

ለእኛ ግን ሌላ ስሌት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የ10 ዶላር ካርታ ከ570 ብር ወደ ከሺህ በላይ ዘለለ ማለት ነው። እሱም ቢሆን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ላለው ነው። ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ከሰርቨር ፈቃድ የሚጠይቅ ጭማሪ፣ ብትከፍልበትም እንኳ፣ መንዝ ላይ ምን ይጠቅማል? በፍላሽ የመጣው ሞድ ግን ሠርቷል። ኢንጂነሮች አንድን ሥርዓት ስንመዝን «ግንኙነት ሲቋረጥ ምን ይሆናል?» ብለን እንጠይቃለን። በዚህ መመዘኛ ሰርቨር የሚጠብቀው ዲኤልሲ ይወድቃል።

የጀማን ሸለቆ ማን ይሸጥልናል?

እስቲ አንድ ሐሳብ እንሞክር። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ ወደ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ የሚወጣው መንገድ በከባድ መኪና ጌም ውስጥ ቢገባ! ለሲሙሌተር ከዚህ የተሻለ ፈተና አለ? 30 ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 294 ሜጋጁል ያህል ነው። ቁልቁለቱን በአንድ ሰዓት ቢጨርሰው በአማካይ ወደ 82 ኪሎዋት የሚጠጋ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አየሩና ጎማው የሚወስዱት ተቀንሶ ቀሪው ወይ በሞተር ብሬክ ይያዛል ወይ ፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ይሆናል። ሾፌሮቻችን «በማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። በጌሙ ፋይል ውስጥ ይህ ጥቂት ቁጥር መቀየር ነው።

ይህን ካርታ በዲኤልሲ ሠርቶ የሚሸጥልን የውጭ ኩባንያ ግን አይመጣም። ክፋት ሆኖ አይደለም፤ ገዢው ጥቂት ስለሆነ ወጪውን አይመልስም። ካርታ ለመሥራት የሚወጣው ወጪ አንድ ሰው ቢገዛውም ሚሊዮን ቢገዛውም ያው ነው። ትንሽ ገበያ ያለው ሕዝብ በዚህ ሒሳብ ሁልጊዜ ተራው አይደርስም። ለአማርኛ ትርጉምም ያው ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ ከ340 በላይ ምልክት ይዞ ነው። ለ26 የላቲን ፊደል የተሠራ የጌም ፎንት ላይ ይህን መጨመር ሥራ ይጠይቃል፤ ለዚህ ሥራ የሚከፍል ድርጅት ከመጠበቅ ሞደር መጠበቅ ይቀላል።

ዕቃው ደግሞ አለ። ናሳ እ.ኤ.አ. በ2000 በመንኮራኩር የለካው የመሬት ከፍታ ዳታ በነፃ ይገኛል፤ ነጥቦቹ በ30 ሜትር ልዩነት ናቸው። የሸለቆውን ቅርጽ ለማውጣት ይበቃል። ጠመዝማዛውን መታጠፊያ ለመሥራት ግን 30 ሜትር ሻካራ ስለሆነ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የመንገዱ መስመር በበጎ ፈቃደኞች ከሚሠራው ኦፕን ስትሪት ማፕ ይወሰዳል። እሱም ነፃ ነው፤ ግን ግዴታ አለው። ምንጩን መጥቀስ አለብህ፣ ዳታውን አሻሽለህ ካወጣህም ለሌላው በዚያው ሁኔታ መልቀቅ አለብህ። እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነጥቤ ደረስን።

ነፃ ማለት ሥርዓት የለውም ማለት አይደለም

ለመንዝ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከለያ ጌሳ ይሆናል። ሣሩ የበቀለበት የጓሳ ደጋ ለመቶዎች ዓመታት በጋራ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። አባት የሆነ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው የመጠቀም መብት ነበር፤ ሣሩን ማንም አይሸጥለትም። ግን ማንም ባሻው ቀን ማጭድ ይዞ አይገባም። አካባቢው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፣ ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ይጠብቀዋል፣ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ይህ ሥርዓት ሲላላ ደጋው ለሁሉም ክፍት ሆነና ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ መተዳደሪያ ደንቡን በአዲስ መልክ አቋቁሞ ነው ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ሣሩም እስከ ዛሬ የቆዩት።

አንድ አንባቢ ሊቃወመኝ ይችላል፤ «ሣር ሲታጨድ ያልቃል፣ ፋይል ግን ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ አይጎድልም» ብሎ። ልክ ነው። ፋይሉ አያልቅም። የሚያልቀው ሠሪው ነው። ጊዜው ያልቃል፣ ትዕግሥቱ ያልቃል፣ በሰዎች ላይ ያለው እምነት ያልቃል። ከልክ በላይ የሚታጨደው እሱ ነው።

በእኛ አገር የሚታየውን በግልጽ እንናገር። ሞዱ በነፃ ይወጣል፤ አንዱ ያወርድና የሠሪውን ስም ሰርዞ የራሱን ስልክ ቁጥር ይጽፍበታል፤ ሲዲውን ይሸጣል። ሠሪው ምስጋና እንኳ አያገኝም። ገዢውም ይጎዳል። ፋይሉ ከማን እንደመጣ ስለማይታወቅ ቫይረስ ይዞ ቢመጣ፣ ወይም ጌሙን ቢያበላሽ ማንን ይጠይቃል? ይህ ነፃነት አይደለም፤ ጠባቂ የሌለው ደጋ ነው። «ኩባንያዎቹ በዘበዙን» እያሉ ሞደሩን መበዝበዝ ደግሞ ያስቃል።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

አቋሜን ላስቀምጥ። አንድን ጭማሪ ስንመዝን «ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። መቀየር ይቻላል ወይ? ኩባንያው ቢተወው ወይም ኢንተርኔት ቢጠፋ ይሠራል ወይ? የሠራው ሰው ስሙ አለ ወይ? ሦስቱንም የሚያሟላ ዲኤልሲ ቢከፈልበትም አይቆጨኝም። ሦስቱንም የማያሟላ ሞድ ነፃ ቢሆንም ጥሩ ሞድ አልለውም።

ለሞደሮች፦ ከፋይላችሁ ጋር አጭር የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ። ማን ሠራው፣ ለየትኛው የጌም እትም ነው፣ ከማን ሥራ ወስዷል፣ መሸጥ ይቻላል ወይስ አይቻልም። አሥር መስመር ነው፤ የጓሳን መተዳደሪያ ደንብ ሥራ ይሠራል።

ለጌም ቤት ባለቤቶች፦ የምታስከፍሉት ለመብራቱ፣ ለቴሌቪዥኑ፣ ለወንበሩ ነው፤ እሱ የእናንተ ነው። ሞዱ ግን የእናንተ አይደለምና ስሙን አትሰርዙ።

ለአገራችን ጌም ሠሪዎች ደግሞ ጠበቅ ያለ ጥያቄ አለኝ። ቅኔ የሠራው ኩኩሉ፣ ከገበሬ የምታመልጠዋ ዶሮ፣ ከእኛ ሕይወት የተቀዳ ጌም መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። ቀጣዩ እርምጃ ዳታውን ከሞተሩ ለይቶ፣ አንድ ፎልደር ክፍት አድርጎ መተው ነው። ገበጣን አስቡት። ከቦታ ቦታ የአጨዋወቱ ደንብ ይለያያል፤ እረኛው መሬት ቆፍሮ በጠጠር ይጫወታል፣ ደንቡንም ከጓደኞቹ ጋር ይስማማበታል። ገበጣን በስልክ የሚያወጣ ሰው አንድ ደንብ ብቻ ቆልፎ ካስቀመጠ የገበጣን ግማሽ ትቶታል። የደንቡን ሰንጠረዥ ክፍት ቢያደርገው ግን የግሼው ልጅ የግሼን አጨዋወት፣ የመርሐቤቴው የመርሐቤቴን ይጨምርበታል። ኩባንያው ከፈለገ የሚያምር መደብና ድምፅ ሠርቶ ይሽጥ፤ እሱ ዲኤልሲ ይሁን። ደንቡ ግን የተጫዋቹ ይሁን።

ካውንተር ስትራይክ እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት ወጣቶች በሃፍ ላይፍ ጌም ላይ የሠሩት ነፃ ሞድ ነበር። ቫልቭ በቀጣዩ ዓመት መብቱን ገዝቶ ሠሪዎቹን ቀጠረ። ሞዱ ሊወለድ የቻለው ሃፍ ላይፍ ለማስተካከል ክፍት ስለነበረ ነው። እኛም ጋ የፔስ ማሊያ የሚቀይር፣ የመኪና ሞተር ቁጥር የሚያስተካክል ልጅ ሞልቷል። ኮድ ማንበብ የጀመረው እዚያ ነው፣ ማንም ሳያስተምረው። የሚከፈትለት ፎልደር ካገኘ የጀማን ቁልቁለት እሱ ይሠራልናል።